የመዳብ ክር

«መርማሪዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ሥራዋ ግን ከምርመራ ጋር አይገናኝም፤ የጥርስ ቴክኒሺያን ናት። ወንድሟ ፎቅ ላይ በከፈተው ክሊኒክ የሰው ጥርስ ይነቅላል፣ እሷ ምድር ቤት ቁጭ ብላ በጄሶና በሰም የተነቀለውን ትተካለች። ስሙ የወጣላት በጥያቄዋ ብዛት ነው። «ምሳ በልቻለሁ» ያላትን ሰው «ከማን ጋር?» ትለዋለች። «ከጓደኛዬ ጋር» ካለ ደግሞ የጓደኛውን ስም፣ የምግብ ቤቱን አድራሻና ከሁለቱ ማን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እንደተቀመጠ ሳታጣራ አትለቀውም።

አመሉ አብሯት አልተወለደም። ከአራት ዓመት በፊት ቀለበት ያሰረላት ሰው ነበር፤ ጊታር ተጫዋች ነኝ የሚል፣ ሳቂታ፣ አፈ ጮሌ። ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው አንዲት ሴት የፊት ጥርስ ልታስተክል ወደ ክሊኒኩ መጣች። መርማሪዋ የጥርሱን ቀለም ልታመሳስል ወደ ፎቅ ወጣች። ሴትየዋ ጨዋታ ወዳድ ነበረች፤ አፏን ከፍታ መቆየቱ ሲሰለቻት ስልኳን አወጣችና የሁለት ልጆቿንና የባሏን ፎቶ አሳየቻት። ባልየው ያ ሰውዬ ነበር። መርማሪዋ «ልጆችሽ ደስ ይላሉ» ብላ ወደ ምድር ቤት ወረደችና የሴትየዋን ጥርስ ሠራች። እስከ ዛሬ ከሠራቻቸው ሁሉ ያቺ ጥርስ ትበልጣለች። ያ ሰውዬ ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም፤ እሷ ዘንድ ያስቀመጠው ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ከአልጋዋ ሥር ቀረ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። መርማሪዋን ግን ከልጥም አልፎ የጫማ ማሰሪያ ያስደነግጣት ጀመር።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ፊቱን አይታው የማታውቀውን ሰው እንዴት ወደደች? ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ፣ ያ ሁሉ ውሸት የተወራበት እንጨት ምን እንደሚል ልስማው ብላ ጊታሩን ከአልጋ ሥር የጎተተች ዕለት ነው። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ከትንኝ በላይ አይጮህም፤ ይህም ተስማማት፣ ሙዚቃ የሚባል ነገር የማይወደው ወንድሟ በሚቀጥለው ክፍል ሆኖ እንኳ አይሰማም። ኢንተርኔት ላይ አስተማሪ ስትፈልግ ሁሉም ጯሂ ሆኑባት። አንዱ ብቻ አይጮህም። ሁለት እጅ፣ አንድ ቦክስ ጊታር (ያለ ማጉያ የሚጮኸው፣ ባለ ትልቅ ሆዱ)፣ ከኋላው አበባማ መጋረጃ፤ ፊት የለም። በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ «ቀስ በሉ» ስለሚል ተማሪዎቹ ስሙን ቀስ በሉ ብለውታል።

በገጹ አናት ላይ «ትምህርቱ ለቦክስ ጊታር ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ አላውቅበትም» ተብሎ ተጽፏል። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስትመዘገብ «ቦክስ ጊታር አለኝ» ብላ ጻፈች። ለእሷ ውሸቷ ትንሽ ነበረች። ኤሌክትሪክ ነው ብትል «ከየት አመጣሽው?» ይመጣል፣ እሱ ከመጣ ያ ሰውዬ ተከትሎ ይመጣል። ሌላ ሰው እንዲህ ቢዋሻት ደብተሯ ላይ ታሰፍረው ነበር፤ የራሷን ግን በሳምንቱ ረሳችው።

ደብተሩ ከፊት በኩል የትምህርት ነው፤ ኮርዶች፣ የጣት ቦታዎች። ከኋላ ገልብጠው ሲከፍቱት የማስረጃ ነው። ቀስ በሉ ተማሪዎቹ የሚልኩለትን ቅጂ ሰምቶ የሚያርመው በደብዳቤ ነው፤ «ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንልኝም፣ ጣቴ ወፍራም ነው» ይላል። በየሳምንቱ በክሊኒኩ አድራሻ ይጽፍላታል። በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ደብዳቤዎቹ ከጣት ወደ ልብ አልፈዋል፤ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ ሰፊ መሆኑን፣ ከእሷ ከተማ የሙሉ ቀን መንገድ ርቆ እንደሚኖር፣ ደብዳቤዋ የዘገየ ሳምንት መርፌው እጁ ላይ እንደሚሰበር ነግሯታል። እሷም ነግራዋለች፤ ጥርስ ሠሪ መሆኗን፣ ማክሰኞ የደብዳቤው ቀን ስለሆነ ማክሰኞን እንደምትወድ። እንዲያም ሆኖ ከእያንዳንዱ ደብዳቤ በኋላ ደብተሩን ከጀርባው ትከፍታለች።

ከስድስት ወር በፊት ከአንድ ደብዳቤ ጋር ስድስት የጊታር ክር መጣላት። እንዲህ ይል ነበር፦

«ተማሪዬ፣ የላክሽውን ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ጣትሽ ቦታውን ያውቃል። ድምፁ ግን ሦስት ቤት አልፎ የመጣ ይመስላል። ጥፋቱ ያንቺ እንዳይመስልሽ፣ ክርሽ አርጅቶ ይሆናል። ይሄንን ሦስት ሱቅ ዞሬ አገኘሁልሽ፤ ወፍራሞቹ ላይ መዳብ ተጠቅልሎበታል፣ ለእንዳንቺ ዓይነት ጊታር ከዚህ የሚሻል የለም ብለውኛል። ስትቀይሪው አትቸኩዪ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።»

መርማሪዋ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ቀጥላም ደብተሩን ገልብጣ «እኛ ሁላችን፦ እነማን? ሦስት ሱቅ፦ ለምን ሦስት?» ብላ ጻፈች።

አሁን ግን ነገሩ ከደብተር አልፏል። ቀስ በሉ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሊመጣ ነው፤ ሊያያት፣ ከወንድሟም ጋር ሊተዋወቅ። እሷም አንድ ሐሳብ መጣላት። ጊታሩን ድምፅ ማጉያ ላይ ሰክታ፣ «ቦክስ ነው ያልኩህ ይሄውልህ ኤሌክትሪክ ነው» ብላ ከት ብላ ልትስቅ፣ እሱም ሊስቅ፣ ከዚያም ሦስት ቤት ሳያልፍ የሚሰማ ዜማ ልትጫወትለት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልላ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወሰደችው። ሬዲዮ ጠጋኙ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ባል ነው፤ ሚስቱ ስለመርማሪዋ ፍቅር ከነገረችው ቆይቷል፣ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ያስተናግዳታል።

ጊታሩን ከአንድ አሮጌ ማጉያ ጋር በገመድ አገናኘውና ሰጣት። መታችው። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች የመንገድ ሰው ዞሮ እስኪያይ ጮኹ። አራቱ ወፍራሞች ግን በጥጥ የተጠቀለሉ ያህል ታፈኑ። ደግማ መታችው፣ ያው ነው። ጠጋኙ ገመዱን ቀየረ፣ ማጉያውን ቀየረ፣ የጊታሩን ሽፋን ፈቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለካ።

«ጊታሩ ደህና ነው፣ ማጉያውም ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «የቀረው ክሩ ነው።»

«ክሩ ምን ሆነ?»

«እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ ስለ ክር አላውቅም። ሲያዩት ወርቅ ይመስላል፣ ሲመቱት ዲዳ ነው። ማን ሸጠልሽ?»

«ተሰጥቶኝ ነው።»

«የሰጠሽ ሰው ወይ ተሸውዷል ወይ ሸውዶሻል» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጠች ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ጊታሩን ታቅፋ ወደ ቤት ስትመለስ ያ ሁሉ የማስረጃ ገጽ ዓይኗ ላይ ተደረደረ። ፊት የለውም። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰምቷል፣ ሴት አለችው። «እኛ» ይላል። አሁን ደግሞ ስጦታው ሐሰተኛ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ አልታለልም እያለች የኖረች ሴት ፎርጅድ ክር ታቅፋ አልቅሳ ነበር። ከንዴቱ ይልቅ ያሳመማት ያ ለቅሶ ነው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ወንድሟ ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ወደ ምድር ቤት ወረደ። በጄሶ መንጋጋዎቹ መሀል ክርኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈለገ።

«ነገ ነው አይደል?» አላት።

«ነገ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«አየሽ፣ እኔ ወንበር ሰፊ መሆኑን አልናቅኩም» አለ፤ እንደናቀው ሁለቱም ያውቃሉ። «ፊቱን የሚደብቅ ሰው ግን ወይ ባለትዳር ነው ወይ ከሕግ የሸሸ ነው። ያንን ነገር አንድ ጊዜ አይተነዋል። እኔ አንቺን ሁለተኛ ጊዜ በዚያ ሁኔታ ማየት አልችልም።»

እሷ ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ፣ ያቺን ጥርስ ከሠራች በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በማንኪያ ያበላት እሱ ነው።

«ዕቃ አስመጪው እሑድ መልስ ይጠብቃል» አለ ቀጥሎ። ዕቃ አስመጪው ለክሊኒኩ ወንበርና መድኃኒት የሚያቀርብ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጭምት ሰው ነው፤ ላግባት ብሎ ጠይቋል። መርማሪዋ አንድም የምትጠረጥርበት ነገር አጥታበታለች፤ ይህ ራሱ ያስጠረጥራታል። «ቃል ግቢልኝ። ይሄ ሰውዬ ውሸታም ሆኖ ከተገኘ ለዕቃ አስመጪው እሺ ትያለሽ።»

«ውሸታም ከተገኘ እሺ እላለሁ።»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ በውስጥ ስልክ እደውላለሁ። አንድ ቃል ካልሽኝ በቂ ነው፣ እኔ ወርጄ አስወጣዋለሁ።»

እሱ ሲወጣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ገባች፤ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ባሌ ያለሽን ከምር ያዝሽው እንዴ? እሱ እኮ እንኳን የሰው ልብ የኔንም ሬዲዮ በቅጡ አልሠራም።»

«ነገ ሁሉንም እጠይቀዋለሁ። አንድም አላስቀርም።»

«አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል፣ እህቴ።»

መርማሪዋ ደብተሯን አወጣች። እርሳሷን ቀርጻ ከደብተሩ ጀርባ ያሉትን ጥያቄዎች በቁጥር ማስያዝ ጀመረች። ሃያ ሁለት ሆኑ። እያንዳንዱን ስትቆጥር ምነው መልስ ባለው ብላ ትመኝ ነበር፣ ምኞቷንም ጠረጠረችው።

ቅዳሜ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የገባው ሰው ከጠበቀችው አጠር ይላል፤ ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፣ አፍና አፍንጫው በማስክ ተሸፍኗል። እጆቹን ግን ከሺህ እጅ መሀል ትለያቸዋለች። ግራ አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን የወስፌ ጠባሳ አየች። ሃያ ወር ሙሉ በየቀኑ ያየቻት ጠባሳ ናት።

«ደህና ዋልሽ፣ ተማሪዬ» አላት።

«ደህና። ቁጭ በል። ማስክህን አታወልቅም?»

«ጥያቄ አለኝ ብለሽ በስልክ ጽፈሽልኝ የለ? መጀመሪያ እሱን ጨርሺ።»

ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው ብላ በልቧ መዘገበች። ደብተሩን ከጀርባው ከፈተች።

«ትምህርት ሃያ ሁለት። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ‹ድስቱን ላውጣው?› ብላ ጠየቀች። ማን ናት?»

«የወንድሜ ሚስት።»

«የወንድምህ ሚስት አንተ ቤት ምን ትሠራለች?»

«እኔ ነኝ እነሱ ቤት የምኖረው። መጋረጃው ግድግዳዬ ነው። ወዲህ እኔ አለሁ፣ ወዲያ አራት ሰው አለ። ‹እኛ› የምልሽ እነሱን ነው።»

«ትምህርት ሠላሳ አንድ። መጋረጃው ተቀየረ። ለምን?»

«አበባማው ቆሽሾ ታጠበ።»

መልሶቹ አጫጭርና ተራ ነበሩ፤ ይህም አናደዳት። ያ ሰውዬም መልስ አያጣም ነበር። ተነሥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አንሶላ ገፈፈች።

«ይሄስ? እነዚህ ክሮች ፎርጅድ ናቸው። ማጉያ ላይ ሲሰካ አራቱ ዲዳ ናቸው። በባለሙያ አስፈትሼያለሁ። እኔ እዚህ በእጄ ይዣቸው ሳለቅስ አንተ እዚያ ሆነህ ምን ትል ነበር?»

ቀስ በሉ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ጊታሩን አየ። ስስ ሆዱን፣ ቀዩን ቀለሙን፣ ገመድ የሚሰካበትን ቀዳዳ አየ። ከዚያ ክፍሉን በዓይኑ ዞረው፣ ሌላ ነገር እንደሚፈልግ።

«ያንቺ የት አለ?» አላት።

«የኔ ይሄው ነው።»

«ቦክሱስ?»

«ቦክስ የለም። ልነግርህ ነበር፣ እንደ ቀልድ። አሁን ቁም ነገሩ እሱ አይደለም፣ ቁም ነገሩ ክሩ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ በመዳቡ ክር ላይ ጣቱን አሳለፈ። ከክሮቹ ሥር በተርታ የተደረደሩትን የማግኔት ነጥቦች ነካቸው። ሲናገር ድምፁ ትምህርቱ ላይ እንደሚሰማው ለስላሳ ነበር፤ ያ ልስላሴ ነው ያስፈራት።

«ክሩ ፎርጅድ አይደለም። ለቦክስ ጊታር ነው የተሠራው። ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሰማው በማግኔት ነው፣ ማግኔት ደግሞ ብረት እንጂ መዳብ አይሰማም። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ሻጩ ነው የነገረኝ። ‹ለኤሌክትሪክ ከሆነ ይሄን እንዳትወስድ› አለኝ። ‹ቦክስ ነው› አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩለት። ‹እርግጠኛ ነህ?› ሲለኝ ‹እሷ ብላኛለች› አልኩት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «ቦክስ ጊታር አለኝ» ያለ አንደበቷና «ክሩ ፎርጅድ ነው» ያለ አንደበቷ አንድ አፍ ውስጥ ኖረው ተገናኝተው አያውቁም ነበር። አሁን ተገናኙ። መርማሪዋ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ትምህርት አሥራ ዘጠኝን ታስታውሻለሽ?» አላት። «‹ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ቢያማችሁም ቻሉት› ያልኩበትን? ላንቺ ብዬ ነው የቀረጽኩት። ድምፅሽ ቀጥኖ ሲመጣብኝ ጣትሽ ደካማ መሰለኝ። አንዲት ነርስ ጣቴ ደማ ብላ ጻፈችልኝ፤ ታገሺ አልኳት። ያን ሁሉ ሰው ያሳመምኩት ላንቺ ብዬ ነው። እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

ግራ እጇን ዘረጋች። የአራቱ ጣቶቿ ጫፍ ደድሯል፣ የክሩ ሰንበር ገብቶበታል። ያን ያህል መጫን የማያስፈልገውን ነገር ሃያ ወር ስትጫን ኖራለች። ሰውየው አያት፣ ሊነካት እጁን አንቀሳቅሶ መለሰው።

ያኔ ነገረችው። ስለዚያ ሰውዬ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለዚያች ጥርስ፣ ጊታሩ የማን እንደነበረ። እንደ ሰበብ አልነገረችውም፤ ከሌላው ሰው እንዲህ ዓይነት ቃል ስትጠብቅ ስለኖረች፣ ሲነገር እንዴት እንደሚሆን ታውቀዋለች። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው።

«አዝናለሁ፣ እንዲህ ስላደረገሽ። ግን እኔ ያን ሰውዬ አይደለሁም» አላት። «ፊቴን ደብቄያለሁ፣ እውነት ነው። ያልሆንኩትን ነኝ ብዬሽ ግን አላውቅም። አንቺ እንደ ሌባ ስትጠረጥሪኝ እኔ ሻጩን ‹እሷ ብላኛለች› እለው ነበር።»

ተነሣ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተወና ወደ በሩ ሄደ። መርማሪዋ ልትጠራው ፈለገች፤ ግን በምን መብቷ? ደረታቸው ሥር ባዶ የሆነባቸው ሰዎች የሚሰማቸውን ያን ቅዝቃዜ ለሁለተኛ ጊዜ አወቀችው፤ የአሁኑ የባሰው የምትወቅሰው ሰው ስላጣች ነው።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣት ማስኩን ፈታ።

«ሁሉንም መዝግበሻል፣ ይሄን ግን አላገኘሽውም» አለ። «ከሄድኩ በኋላም ስትጠይቂ እንዳትኖሪ። ከሰባት ዓመት በፊት የአውቶቡስ ወንበር ስፈታ ሞላው ተስፈንጥሮ መታኝ። የፊት ጥርስ የለኝም። ያለኝ የሚወልቅ ነው፣ ቀለሙም ሌላ ነው። ካሜራ ፊት የማልቀርበው ለዚህ ነው። አንቺ ጥርስ ሠሪ መሆንሽን ስትጽፊልኝማ ጭራሽ አፈርኩ።»

«ላይኛው» አለች መርማሪዋ። «ሁለት፣ በግራ በኩል።»

ሰውየው ዞረ።

«‹ስ› ስትል ትንሽ ፉጨት አለችህ። ከሦስተኛው ትምህርት ጀምሮ አውቃለሁ። የሠራልህም ሰው ሥራውን አያውቅም፤ ጠቦሃል፣ ከቆየ ድድህን ያቆስልሃል። ‹ቀስ በሉ› ስትል ያቺን ፉጨት እጠብቃት ነበር።»

ቀስ በሉ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ደብተሩን አነሣና ከጀርባው ገለጠ። ሃያ ሁለቱን ጥያቄ አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ገጹን ገልብጦ ተመለከተ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ፊት፣ ሴት፣ መጋረጃ፣ ሦስት ሱቅ። ጥርስ የሚል የለም።

«እዚህ አልጻፍሽውም» አላት። «ለምን?»

ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። መርማሪዋ ዓይኗን ከሰውየው ሳትነቅል አነሣችው።

«እህስ?» አለ ወንድሟ። «ውሸታም ነው?»

«ውሸታም ተገኝቷል፣ ወንድም ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ። ለዕቃ አስመጪው ይህንኑ ንገርልኝ፤ ውሸታም ሴት አይፈልግም። አንተ ግን እንዳትወርድ። እሱን ማስወጣት ካለብኝ የማስወጣው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አልችልም።»

ስልኩን መለሰችው።

«የጻፍኩት የፈራሁትን ነው» አለችው ለሰውየው። «ያንን አልፈራሁትም።»

ቀስ በሉ ደብተሩን ዘጋው። ፊቱን አሁን ሙሉውን ታየዋለች፤ ቀለሙ የማይገጥመውን ጥርስ፣ ላይኛው ከንፈሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ጠባሳ፣ የተከፋውን ዓይን። ከዚያ የጋዜጣውን ጥቅል ፈታው። ከአውቶቡስ ወንበር ቆዳ የተሰፋ የጊታር ማንገቻ ነበር፤ ክሩ ድርብ፣ ስፌቱ እንደ መስመር የቀና። አንዱ ጫፉ ቀዳዳ አለው፣ ሌላው ጫፉ ግን የጊታሩ አንገት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ነው።

«ይሄም ለቦክስ ነው» አለ። «ለዚህኛው ሌላ ቀዳዳ ያስፈልጋል። መብሻ አለሽ?»

የጥርስ መሰርሰሪያዋን አነሣች። እሱ ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ወጥሮ ያዘ፣ ጣቱን ቦታው ላይ አሳያት፣ እሷ ጎንበስ ብላ በሳችው። የቆዳ አቧራ በሁለቱም እጅ ላይ ተነሰነሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹ ካሜራ ሳይሆን እሷ ፊት ነበሩ፤ ሙቀታቸው ይሰማታል።

«ለነርሷና ለሌሎቹ ምን ልበላቸው?» አላት ቀና ሳይል።

«እውነቱን ንገራቸው። አንዲት ተማሪ ዋሽታኝ ነው በላቸው።»

«ተቀይሜሻለሁ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ቶሎ የሚለቀኝም አይመስለኝም።»

መርማሪዋ መሰርሰሪያውን አጠፋች። ጥያቄ ሊመጣ ነበር፣ እስከ መቼ የሚል፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰችው። ማንገቻውን አንሥታ በአዲሱ ቀዳዳ በኩል ጊታሩ ላይ አጠለቀችና ጠበቅ ማለቱን ሳብ አድርጋ አየች።

«እዚሁ ቁጭ ብለህ ተቀየመኝ» አለችው።

እሱም ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ፣ እንደተኮሳተረ። መርማሪዋ ያንን የተኮሳተረ ፊት አየችው፤ አንዳች የሚጠረጠር ነገር አላገኘችበትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ይህ አላስፈራትም።